እርሳስ መስሎኝ

የላቦራቶሪ አለቃዬ ዶክቶራ ኢህሳን ከካይሮ ደውለው፣ «ዘሀራ፣ ላቦራቶሪው ከእንግዲህ የሚከፈት አይመስለኝም። እኔም አንቺም ጡረታ ወጣን በይ» ያሉኝ ባለፈው ሰሞን ነው። የሚያስለቅስ ወሬ ነበር። እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ ቁጭ ስል ትከሻዬ ቀለለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስገባ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ጫማዬን ከበር ውጭ አውልቄ፣ ልብሴን ለብቻው ዘፍዝፌ ነበር ልጄን የማቅፋት። አሁን ካርቱም፣ ሐበሻ በሚበዛበት ዴም ሰፈር ተቀምጬ የሰው ልብስ እሰፋለሁ። መርፌ ቢወጋ እኔን ነው የሚወጋው፤ ከእኔ አልፎ ልጄ ጋ አይደርስም።

የሱዳኑ ጦርነት ሲመጣ ወደ ገዳሪፍ ከተማ ሸሽተን ነበር። ስንመለስ የቤታችን ግድግዳ አለ፣ በሩ የለም። በር አስገጥመን ገባን። ልጄ ሂክማ አሁን በቁመት በልጣኛለች። ይህን ጻፊ ያለችኝም እሷ ናት። «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጠ ሰው ምን ይጽፋል?» ብላት፣ «አማርኛ ማንበብ ያስተማርሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ ማማ? ኸላስ፣ በቃ፣ ጻፊ» አለች። ፊደል ብስት እንግዲህ አስተካክላችሁ አንብቡልኝ።

ከወረባቦ በመተማ በኩል ካርቱም ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ሪያድ ሰፈር ነበር፤ ሐጃ በቱል የሚባሉ ሴትዮ ቤት። አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ የመስታወት ዕቃ ነበራቸው። በየሳምንቱ አውርጄ፣ አጥቤ፣ እመልሰዋለሁ። ሐጃ እያንዳንዱን ወደ መስኮት አንስተው ያዩና የጣት አሻራ ካገኙ እንደገና ያሳጥቡኛል። አንድ ቀን አገላብጠው አገላብጠው ምንም አጡ፤ ያን ቀን ተናደው እስከ ምሳ አላናገሩኝም። ሴት ልጃቸው ዶክቶራ ኢህሳን ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ፤ እናታቸውና እኔ ስንጨቃጨቅ በበሩ እያለፉ ይስቁ ነበር።

ሐጃ ሲሞቱ ቤቱ ለሌላ ሰው ተከራየ። እኔም «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር አንድ የጥርስ ሐኪም ዘንድ ወለል ወልዋይ ሆኜ ገባሁ። የዚያ ቤት አለቃ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ «ያ ቢት» ነበር የሚለኝ፣ አንቺ ልጅ እንደማለት፣ ሠላሳ ዓመት አልፎኝ። ባለቤቴ ወደ ሊቢያ የሄደው እዚያ እየሠራሁ ነው። ሂክማን አርግዤ ነበር። ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማንም። ስለ እሱ ይኸው ይበቃል።

ሂክማ ሰባት ዓመት ሊሆናት ሲል ዶክቶራ ኢህሳን ጥርስ ሊነቀሉ መጥተው አዩኝ። ግማሽ ፊታቸው ደንዝዞ፣ ጥጥ ነክሰው፣ «ዘሀራ፣ መስታወት የሚያጥብ ሰው አጣሁ» አሉኝ። የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ኢቃማዬን፣ እሳቸው አስጨረሱልኝ። ደሞዙም ይሻል ነበር። ሄድኩ።

ላቦራቶሪ ሲሉኝ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። ሁለት ክፍል ነው። እዚያ የሚሠራው ከፀሐይ መብራት የሚያወጣ ንጣፍ ነው። ጣሪያ ላይ የሚሰቀለውን ሰማያዊውን አታስቡ፤ ይሄ እንደ ቀለም የሚቀባ ነው። ስሙ ፔሮቭስካይት ነው። አፌ ስሙን አልይዝ ስላለኝ ዝም ብዬ «ጥቁሩ» እለው ነበር። አሠራሩን ሺህ ጊዜ አይቼዋለሁ። የክብሪት ሳጥን የምታህል ንጹሕ መስታወት ትሽከረከራለች። እየተሽከረከረች ብጫ ፈሳሽ ጠብ ይደረግባታል። ከዚያ ትኩስ ብረት ላይ ትቀመጣለች፤ ብጫው ዓይናችሁ እያየ ይጠቁርና የበሰለ ቴምር ይመስላል። ስትጠቁር ደህና ናት፣ ፀሐይ ትይዛለች። ተመልሳ እርድ ከመሰለች ሞታለች ማለት ነው። የሚገድላት ደግሞ ውሃ ነው፤ አየር ላይ ያለ እርጥበት እንኳ ይበቃታል። ሀብታም አገር ይህን ሥራ አየር በማይገባበት ሣጥን ውስጥ ነው አሉ የሚሠሩት። ዶክቶራ ግን፣ «የእኛ ሣጥን የካርቱም በጋ ነው። ከዚህ የደረቀ አየር ከየት ይመጣል?» ይሉ ነበር። ዝናቡ ሲገባ ሥራ እናቆማለን።

እጥበቱን ያስተማሩኝ አም አደም ናቸው። አም ማለት አጎት ነው፤ ሽማግሌውን ሁሉም እንደዚያ ይጠራቸዋል። ለሐጃ ሳጥብ የኖርኩት እጥበት እሳቸው ዘንድ እጥበት አይባልም። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በተጣራ ውሃ፣ ቀጥሎ በአሴቶን፣ ቀጥሎ በስፒሪት፤ በየመሃሉ በኤሌክትሪክ እየተንቀጠቀጠች በምትንጫጫ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ትነከራለች። መስታወቷ የምትያዘው በጠርዟ ብቻ ነው። ፊቷን በጣት የነካ ሰው ከሳሙናው እንደገና ይጀምራል። አንደኛው ፊቷ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ሌላኛው አያስተላልፍም፤ በዓይን አይለይም። መርፌ መርፌ የሚያህሉ ሁለት ሽቦዎች ያስነኩና መሣሪያው ሲጮህ፣ «ይሄ ነው ፊቷ፤ ያኛው ጀርባዋ ነው» ይሉኛል። ከታጠበች በኋላ አፋቸውን አስጠግተው እንደሚያዛጋ ሰው ይተነፍሱባታል። ጉሙ እኩል ተዘርግቶ እኩል ከጠፋ ንጹሕ ነው። ደሴት ከሠራ ቅባት አለበት። ታዲያ ንጹሕ ሆኖም «ንጹሕ ነው» አይሉም። «ይመስላል» ነው የሚሉት። ስምንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ ከዚህ ቃል የሚያልፍ ምስጋና አልሰማሁም።

ደግሞ ሻይ ከመጠጣታቸው በፊት እስከ ክርናቸው ይታጠባሉ። ጫማቸውን ለላቦራቶሪው ለይተዋል። ውዱእ፣ የሰላት ትጥበት፣ የሚያደርጉ መስሎኝ ለሦስት ቀን አልጠየቅኳቸውም። በአራተኛው ቀን፣ «የቀትር ሰላቱ፣ ዙሁር፣ ገና አይደል፣ ምነው ይታጠባሉ?» አልኳቸው።

«ብጫው ውስጥ ሩሳስ አለ» አሉኝ። «እጅሽን ሳትታጠቢ አፍሽ እንዳትከቺ።»

ሳቄ መጣ። ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ነው። ሩሳስ የሚለውን ቃል የማውቀው ከሂክማ ነው። ትምህርት ቤት ስትገባ ግዢልኝ ያለችኝ «ገለም ሩሳስ» ነበር፤ እኛ እርሳስ የምንለው፣ የሚጻፍበት። እርሳስን እኔ በልጅነቴ ጫፉን ምላሴ ላይ እያራስኩ ነው የጻፍኩበት። ሂክማም ስታስብ ታኝከዋለች። «እርሳስ ማንን ገድሎ ያውቃል?» አልኩ በሆዴ። ሽማግሌ ነገር ያበዛል ብዬ አለፍኩት። ለደንቡ ያህል እታጠብ ነበር፣ ለእሳቸው ክብር።

በዚያው ዓመት ረመዳን ከሐሩሩ ጋር ገጠመ። ዒድ ሊደርስ ዐሥር ቀን ያህል ቀርቷል። በውጭ አገር ገንዘብ የመጣው መስታወት ሁሉ ተቀብቶ፣ አርባ ያህሉ ጠቁሮ፣ ጠረጴዛ ላይ ተደርድሯል። ስንት ቀን ሳይበላሽ እንደሚቆይ ነው የሚጠናው። ዶክቶራ ፆመው፣ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ግድግዳ ይዘው ነው የሚራመዱት። ለሰላት ሲወጡ አዘንኩላቸው። መስኮቱ ላይ የቆየ ሙከይፍ አለ። በካርቱም ሰው ሁሉ ቤት ያለው ነው፤ ጭድ በውሃ ያርስና ነፋስ ያሳልፍበታል። ከፈትኩት። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እኔም ደስ አለኝ። ሲመለሱ፣ «አላህ ይባርክሽ ዘሀራ፣ ዛሬ አየሩ ጥሩ ነው» አሉኝ። ሙከይፉን ያየው የለም፤ ሳይመለሱ ዘግቼው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቴምሩ ሁሉ እርድ ሆኗል።

ዶክቶራ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ከመድኃኒቱ ነው ብለው የደህናውን ፈሳሽ ጠርሙስ ደፉ። ከምድጃው ነው ብለው ምድጃውን ፈቱ። እኔ እያየሁ ሦስት ቀን ዝም አልኩ። ልጅ አለኝ፣ ኢቃማዬ በእሳቸው ስም ነው፣ ወደዚያ ጥርስ ሐኪም መመለስ አልፈልግም። በሦስተኛው ቀን አም አደም በሙከይፉ ሥር ግድግዳው ላይ የወረደውን የውሃ መሥመር በጣታቸው ተከትለው ወደ እኔ ዞሩ። «ዛሬ ትነግሪያታለሽ ወይስ እኔ ልንገራት?» አሉ።

ነገርኳቸው። ዶክቶራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔን ለማቀዝቀዝ ነው?» አሉ። አዎ አልኩ። «ሙከይፍ ውሃ መሆኑን አንቺ ካላወቅሽ ያላስተማርኩሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ሦስቱ ቀን ግን ያንቺ ነው።» ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩኝም። አዲስ መስታወት እስኪመጣ ግን ሥራ ቆመ።

ይህ እንቅልፍ ነሳኝ። የተበላሹት አርባ መስታወቶች ክዳን ባለው ጣሳ ውስጥ ተጥለዋል። ሥራዬ መስታወት ማጠብ አይደል? ብጫውን ባስለቅቀው መስታወቱ እኮ ደህና ነው። ሐሙስ ከሥራ ስወጣ በጨርቅ ጠቅልዬ ወሰድኳቸው። ዓርብ በጠዋት ግቢያችን ውስጥ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ አንድ በአንድ ማጠብ ጀመርኩ። ሂክማ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«ማማ፣ ይሄ ሹኑ ነው፣ ምንድን ነው? እርድ ነው?»

«እርሳስ ነው። ጠርዙን ብቻ ያዢ።»

ጣቷ ቀጭን ስለሆነ ማዕዘኑ ጋ የሚገባው የእሷ ነው። ግማሹን እሷ ፈተገችልኝ። እየተነፈሰችባቸው ጉሙን ታያለች፣ ትስቃለች። ደስ የሚል ዓርብ ነበር፤ አሁንም ሳስበው ደስ ማለቱ ነው የሚያመኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አስመለሳት። ሙቀቱ ነው ብዬ ውሃ አጠጣኋት።

በካርቱም ሥራም ትምህርትም የሚጀምረው እሑድ ነው፤ በማለዳው አርባውን መስታወት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላቸው። አም አደም አንዷን አንስተው ተነፈሱባት። ጉሙ እኩል ተዘርግቶ እኩል ጠፋ። ወደ ዶክቶራ ዞረው፣ «ይመስላል» አሉ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«የት አጠብሻቸው? ትናንትና ተዘግቶ ነበር» አሉ ዶክቶራ።

«ቤት። ከልጄ ጋር ሆነን ነው።»

አም አደም መስታወቷን ቀስ ብለው አስቀመጧት።

«ሩሳስ ነው ብዬሽ አልነበር?»

«አዎ ብለውኛል። እርሳስ አይደል? የተማሪ እርሳስ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ያ ዘሀራ፣ ሩሳስ በእኛ ቋንቋ ጥይትም ነው። ጥይት ነው ብልሽ ኖሮ ትፈሪ ነበር» አሉ።

ዶክቶራ እጄን ይዘው አስቀመጡኝና ቀስ እያሉ ነገሩኝ። የሚጻፍበት እርሳስ ውስጥ ሩሳስ የለም፤ ስሙ ብቻ ነው የቀረው፣ ውስጡ ከሰል የመሰለ ሌላ ነገር ነው። እዚህ ያለው ግን ከባዱ ማዕድን ነው፣ ከአዮዲን ጋር የተቀላቀለ። ትልቅ ሰው ላይ ቶሎ ላይታይ ይችላል። ልጅ ላይ ግን ደም ውስጥ ገብቶ አእምሮ ይጎዳል። የሆድ ሕመም፣ ማስመለስ፣ ከዚያ ትምህርት አለመግባት። ማስመለስ ሲሉ ከወንበሩ ተነሣሁ። የሄድኩበትን አላውቅም፤ ደረጃው ላይ አም አደም ናቸው የያዙኝ።

ሂክማን ከትምህርት ቤት አውጥተን በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደም ሰጠች። መለኪያው እዚህ ስለሌለ ናሙናው ወደ ውጭ ይላካል፣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል ተባለ። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዶክቶራ ቤታችን መጡ። ጓንት አድርገው፣ ቶባቸውን፣ ያን ረጅም የሱዳን ኩታ፣ ወገባቸው ላይ አስረው፣ በጉልበታቸው ተንበርክከው የግቢውን ሲሚንቶ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉ። ሳፋውን፣ ጨርቁን፣ የኔንም የሂክማንም የዚያን ቀን ልብስ በከረጢት አስረው ወሰዱ። የዴም ሴቶች በየበሩ ቆመው ያያሉ። አንዷ ጎረቤቴ፣ «ዘሀራ፣ ሠራተኛ ቀጠርሽ እንዴ?» አለችኝ በአማርኛ። አልሳቅሁም። ዶክቶራ ግን ሰምተው፣ «ምን አለች?» አሉ። ስነግራቸው፣ «እውነቷን ነው፤ ቀድሞ መሥራት የነበረብኝን ነው የምሠራው» አሉ።

ያ ሦስት ሳምንት በሥራ ዘመኔ ረጅሙ ነው። ሂክማ ማንኪያ ከጣለች እጇ ዛለ እላለሁ። ስጠራት ቶሎ ካልሰማችኝ ጆሮዋ፣ ስም ከረሳች አእምሮዋ። ልቆጣት አልቻልኩም። በእኔ እጅ የመጣባትን በምን አፌ እቆጣታለሁ? ፀጉሯን ሳትሠራ ብትወጣ ዝም፣ ደብተሯን ብትጥል ዝም። መጀመሪያ ወደደችው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ምሳ እየበላን እያለ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ማማ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ማን አለሽ?»

«ማንም አላለኝም። አትቆጪኝማ።»



ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ የዶክቶራ ትልቁ ሥራ የተሳካው በእነዚሁ ሳምንታት ነው። አርባዎቹን መስታወቶች አም አደም ከሳሙናው ጀምረው እንደገና አጥበዋቸው ነበር። ዶክቶራም ያለፈውን ትተው ሌላ ዓይነት ቀለም ቀቡባቸው፤ በንጣፍ ላይ ንጣፍ የሆነ። ከዴም ለቁርስ የወሰድኩትን ፈጢራ ገልጠው ነው ያስረዱኝ። «እንደዚህ ነው። ጥቁሩ ስስ ስስ ሆኖ ይደረደራል፤ በየመሃሉ ውሃ የማይወድ፣ እንደ ቅባት ያለ ነገር ይገባል። እርጥበቱ ሲመጣ ቅባቱን ያገኝና ይመለሳል። ችግሩ፣ ኤሌክትሪኩም ቅባቱን ለማለፍ ይቸገራል። ስለዚህ ትንሽ ኃይል እናጣለን፣ ዕድሜ እናገኛለን።» ገባኝ። ልቤ ግን እዚያ አልነበረም።

«ያላ ዘሀራ፣ አሁን ሙከይፉን ክፈቺው» አሉኝ።

ከፈትኩት። የድሮው ዓይነትም ለማነጻጸር አጠገቡ ተቀምጧል። በማግስቱ የድሮው እርድ ሆነ። ንጣፍ በንጣፍ የሆነው እንደ ቴምሩ ነው። በሳምንቱም እንደ ቴምሩ ነው። አም አደም ቀለሙን ደብተራቸው ላይ ጻፉና ወደ እኔ አስጠግተው፣ «አንቺ ነሽ የፈተንሽው፤ ያለ አንቺ ሙከይፍ ማን ያስብ ነበር?» ብለው ሊያስቁኝ ሞከሩ። እኔ የማየው የዶክቶራን ስልክ ነው።

የጠራውም እዚያው ቆመን ሳለን ነው። ዶክቶራ አዳመጡ፣ ቁጥር ጻፉ። ቁጥሩን አሳዩኝ። ቁጥር ምን ይነግረኛል?

«ብዙ ነው?»

«ትንሽ ነው። መኪና የሚያልፍበት ሰፈር የሚኖር ማንኛውም የካርቱም ልጅ ያለው ያህል ነው። ከእኛ የመጣ የለም ዘሀራ። በወሩ ደግመን እናያለን፣ ግን የለም።»

አም አደምን አየኋቸው። እሳቸው እስኪሉ አላምንም። ወረቀቱን ወስደው አነበቡ፣ ደገሙት፣ መነጽራቸውን አወለቁ። «ንጹሕ ነው» አሉ።

ሽርጤን እዚያው ፈትቼ፣ እጄን እስከ ክርኔ ታጥቤ፣ ጫማዬን ቀይሬ ወጣሁ። ሚኒባስ ልጠብቅ አልቻልኩም፤ በእግሬ ሄድኩ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስደርስ ልጆቹ ገና መውጣት ጀምረዋል። ሂክማ አየችኝና ቀዝቀዝ ብላ መጣች፤ ደብተሯን ከጀርባዋ ደብቃለች። አምጪ አልኳት። የቃል ጽሕፈት ፈተና ነው፤ ከዐሥር አራት አግኝታለች።

«ምነው? አላጠናሽም?»

«ረሳሁ።»

«ረሳሁ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ገመድ ስዘል ነበር። ማማ፣ ደሞ ሌላም ነገር አለ፤ ያ ቅዳሜ ያስመለሰኝ የጎረቤታችንን ጥሬ ማንጎ በሻጣ በልቼ ነው። አራት ፍሬ። እንዳትቆጪኝ ብዬ ደበቅኩሽ።»

አራት ፍሬ ጥሬ ማንጎ፣ በዚያ በሚያቃጥል በርበሬ። ከዐሥር አራት። ልጄ ሰነፍ ናት፣ ሆዳም ናት፣ ሌባም ሳትሆን አልቀረችም፤ ሌላ ምንም የላትም። ክንዷን ያዝኩና መቆጣት ጀመርኩ። ስለ ፈተናው ተቆጣሁ፣ ስለ ማንጎው ተቆጣሁ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስላልተሠራው ፀጉሯ፣ ስለ ጣለችው ደብተር፣ ስለ ማንኪያው። መንገደኛ ዞር እያለ ያየናል። ድምፄ እስኪዘጋ ተቆጣሁ። እሷ ግን እጄን አጥብቃ ይዛ፣ አጠገቤ እየዘለለች ነው የምትሄደው።